«ይበል» ሌላ፥ «ሰምና ወርቅ» ሌላ፤ ስለ ሥነ ግጥም መጠሪያ ቃላት አጠቃቀም

ይህን አጭር ጥናት እንድናቀርብ ያነሣሣን በአንድ የግጥም ምሽት ላይ ያየነው ነገር ነው። አንድ ተማሪ ግጥሙን አንብቦ ከመድረክ ሲወርድ፥ አስተያየት እንዲሰጥ የተጋበዘው ሰው ተነሥቶ «ሰምና ወርቅ ያለው ድንቅ ግጥም ነው» አለ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ስንወጣ ግን ሰሙ የቱ፥ ወርቁስ የቱ እንደ ነበረ እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ ሦስታችን ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠን። አንደኛው በግጥሙ ውስጥ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል አለ አለ፤ ሁለተኛው ስለ ዝናብ እያወራ ስለ ሹማምንት መናገሩ ነው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ግጥሙ በቀላሉ ስለማይገባ እንዲያ ተባለ እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም አለ። በመጨረሻ ገጣሚውን ብንጠይቀው «እኔስ የጻፍሁት ስለ ዝናብ ነበር» ብሎ መለሰልን።

ነገሩ ሊያስቅ ይችላል። ዳሩ ግን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው የሚያሳስብ ሆኖ አገኘነው። ግጥም የሚጽፍ ተማሪ ሥራው ተመዝኖ ጉድለቱና ብርታቱ እንዲነገረው ይፈልጋል። ሚዛኑ ግን ቃላት ናቸው። ቃላቱ የሚለኩት ነገር ተለይቶ ካልታወቀ፥ ገጣሚው ምስጋና ይዞ ይሄዳል እንጂ ትምህርት ይዞ አይሄድም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘወትር ከምንጠቀምባቸው የሥነ ግጥም መጠሪያዎች መካከል ጥቂቶቹን፥ በተለይም «ቤት» እና «ሰምና ወርቅ» የሚባሉትን፥ ከየት እንደ መጡና ምን እንደሚለኩ ለመመርመር አስበናል። ለምሳሌ የምናቀርባቸው ስንኞች ለዚሁ ጥናት ብለን ያዘጋጀናቸው ናቸው፤ በውበታቸው ሳይሆን በአሠራራቸው እንዲታዩልን እንለምናለን።

፩. ስለ «ቤት»

በአማርኛ ሥነ ግጥም ውስጥ እንደ «ቤት» ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል አናገኝም። ብዙ ሥራ ስለሚሠራም ብዙ ያሳስታል። ቢያንስ አራት ትርጉሞቹን ለይቶ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው የፊደል ቤት ነው። ለ፥ ሉ፥ ሊ፥ ላ፥ ሌ፥ ል፥ ሎ ሰባቱም የ«ለ» ቤት ይባላሉ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለተኛው «ቤት መታ» ወይም «ቤት ደፋ» ስንል የምናስበው ነው፤ ይኸውም የስንኞች መድረሻ በድምፅ መመሳሰል ነው። ሁለተኛው ትርጉም ከመጀመሪያው የተወለደ ይመስለናል፤ ሁለት ስንኞች ቤት መቱ ማለት መጨረሻቸው በአንድ ፊደል ቤት ገብቶ አደረ ማለት ነውና። እንግዲህ የሚከተለውን እንመልከት፤

ሁለት ዓመት ሙሉ ከደጁ ሳይታጣ፥
ያ ድኃ ተማረ እየሳቀ ወጣ።

ሁለቱም ስንኞች በ«ጣ» ይደመደማሉ፤ ጣ ደግሞ የ«ጠ» ቤት ራብዕ ነው። አንዱ በ«ጣ» ሌላው በ«ጡ» ቢጨርስ ኖሮ የፊደሉ ቤት አንድ ሆኖ ጓዳው ይለያይ ነበር፤ ጆሮም ሙሉ ምት አድርጎ አይቀበለውም።

ሦስተኛው ትርጉም የቅኔ ቤት ተማሪዎች የሚያውቁት ነው። በግዕዝ ቅኔ አንዱ መሥመር ራሱ «ቤት» ይባላል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፥ ዋዜማ አምስት ቤት፥ ሥላሴ ስድስት ቤት፥ መወድስ ስምንት ቤት ነው ሲባል የሚቆጠረው መሥመሩ ነው። ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ የወጣ አንባቢ «መወድስ ስምንት ቤት አለው» የሚለውን ሰምቶ ስምንት ዓይነት የቤት አመታት ያለው ቅኔ አድርጎ ቢረዳው አይፈረድበትም፤ ቃሉ አንድ ሆኖ የሚለካው ነገር ግን ሌላ ስለ ሆነ ነው።

አራተኛው ትርጉም የግጥሙን ልክ የሚያመለክተው ነው። «የወል ቤት» ስንል በእያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም ያለውንና ስድስት ስድስት ሆኖ በመካከሉ ትንፋሽ የሚያሳርፈውን ልክ ማለታችን ነው። «የሰንጎ መገን ቤት» አምስት አምስት፥ «የቡሄ በሉ ቤት» ደግሞ አራት አራት ሆኖ ይከፈላል። በዚህ ጊዜ ቤት ማለት መሥመርም አይደለም፥ የመጨረሻ ድምፅም አይደለም፤ የግጥሙ ቁመትና ስፋት ነው።

እዚህ ላይ ስለ «ቀለም» አንድ ነገር መናገር የግድ ይሆናል። ቀለም ስንል የሚጻፈውን ሳይሆን የሚሰማውን እንቆጥራለን። ከላይ ባቀረብነው የመጀመሪያ ስንኝ ላይ የተጻፉትን ፊደላት ብንቆጥር 15 እናገኛለን፤ በሁለተኛው ግን 12 ብቻ ናቸው። ወረቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው «የመጀመሪያው ሦስት ፊደል ተርፎታል፥ ልኩ ፈርሷል» ይላል። ጮኽ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ሁለቱም እኩል 12 ቀለም እንደ ሆኑ ይሰማዋል። ምክንያቱም በ«ሁለት» እና በ«ዓመት» መጨረሻ ያሉት ሁለቱ «ት» እንዲሁም በ«ሳይታጣ» ውስጥ ያለው «ይ» የራሳቸው ድምፅ የሌላቸው፥ በፊታቸው ባለው ቀለም ላይ ተደግፈው የሚያልፉ ሳድሶች ናቸው። በ«ድኃ» ውስጥ ያለው «ድ» ደግሞ ሳድስ ቢሆንም ድምፅ አውጥቶ ስለሚነገር ይቆጠራል። ሳድስ ስለዚህ አንዳንዴ ቤተኛ፥ አንዳንዴ እንግዳ ነው፤ የሚለየውም ጆሮ ብቻ ነው።

መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አገጣጠም ያወጡት ጥናት እስከ ዛሬ ዋጋው ያልቀነሰው አማርኛን በአማርኛ ጆሮ ለመለካት ስለ ሞከሩ ነው ብለን እናምናለን። እርሳቸው የቅኔ መምህር የነበሩት የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ የውጭ አገርንም ትምህርት ቀምሰዋል። ሁለቱን ያወቀ ሰው አንዱን በሌላው ሚዛን አይመዝንም። በእንግሊዝኛ ግጥም ልክ የሚያዘው ጎላ ብሎና ዝቅ ብሎ በሚነገሩ የቃል ክፍሎች ቅደም ተከተል ነው። አማርኛ ግን የሚቆጥረው ቀለምን ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን መለኪያ ስም ብቻ በፊደላችን ጽፎ በአማርኛ ግጥም ላይ ማዋል፥ እህልን በክንድ፥ ጨርቅን በቁና እንደ መስፈር ያለ ነው።

፪. ስለ «ሐረግ»፥ «ስንኝ» እና «ዐርኬ»

በእነዚህ ላይ ረጅም ጊዜ አናጠፋም። ሐረግ በአንዱ መሥመር ውስጥ እስከ ትንፋሽ ማረፊያው ያለው ክፍል ነው፤ በወል ቤት ስድስቱ ቀለም አንድ ሐረግ ይሆናል። ስንኝ የሚለውን አንዳንዶች ለአንዱ መሥመር፥ ሌሎች ቤት ለሚመቱት ሁለቱ መሥመሮች በአንድነት ይሰጡታል። በትምህርት መጻሕፍት ዘንድ የበረታው የመጀመሪያው ስለ ሆነ እኛም በዚሁ እንጠቀማለን፤ ዋናው ነገር ግን ጸሐፊው ከጀመረበት ትርጉም አለመውጣቱ ነው። ዐርኬ በመሠረቱ ከግዕዝ ድርሰት የመጣ ነው፤ ቅዱሳንን ለማመስገን የሚደረስ፥ እንደ ልማዱ አምስት መሥመር ያለውና በአንድ ቤት የሚመታ ክፍል ነበር። ዛሬ ብዙ ጸሐፊዎች ለማንኛውም የግጥም ክፍል ይጠቀሙበታል። ቃል መስፋቱ ነውር አይደለም፤ መስፋቱን አለማወቅ ግን ያሳስታል።

፫. ከአንጥረኛ ቤት ወደ ቅኔ ቤት

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ከአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲደርቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ሰሙ የነበረው ቅርጽ በወርቅ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ምሳሌ ብዙዎቻችን የምናስበው ሰሙ ርካሽ፥ ወርቁ ክቡር፥ ስለዚህም ሰሙ የሚጣል ነው በሚል ብቻ ነው። አንጥረኛው ግን እንዲህ አያስብም። ወርቁ የሚይዘው ቅርጽ ሰሙ የነበረው ቅርጽ ነውና ሰሙ ጠማማ ከሆነ ወርቁም ጠማማ ይሆናል። ስለዚህ ሙያው የሚፈተነው በወርቁ ብዛት ሳይሆን በሰሙ አቀራረጽ ላይ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ በጥብቅ ሲነገር የአንድ አሠራር ስም ነው። በዚህ አሠራር ሰሙም ወርቁም በግልጽ ተጠርተው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ግሥም ለሁለቱ ያገለግላል። ምሳሌ እንስጥ፤

ገበሬ መምህሩ የቃል ዘር ቢዘራ፥
ልብ መሬቱ ደርቆ እሾህን አፈራ።

እዚህ ላይ ገበሬ ሰም፥ መምህር ወርቅ ነው። ዘር ሰም፥ ቃል ወርቅ ነው። መሬት ሰም፥ ልብ ወርቅ ነው። መዝራት፥ መድረቅና ማፍራት ለሁለቱም ወገን ይሠራሉ። ገበሬው ዘርቶ መሬቱ ከዳው፤ መምህሩም አስተምሮ የተማሪው ልብ ከዳው። የተሸሸገ ነገር ከቶ የለም፤ ሁሉም በፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሰምና ወርቅ ማለት የግድ ምስጢር መደበቅ ነው የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ገና ከመነሻው ይሰናከላል።

ሌላም ነገር እናስተውል። ይህ ስንኝ ሰምና ወርቅነቱ ሙሉ ነው፤ ሦስቱም ጥንዶች ተሟልተዋል፥ ግሦቹም አልተጣሉም። ይሁን እንጂ ታላቅ ግጥም አይደለም። በወንጌል የዘሪውን ምሳሌ ያነበበ ሁሉ ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አዲስ የሚያሳየው ነገር የለም። እንግዲህ አንድ ግጥም ሰምና ወርቅ ሆኖ ሳለ ተራ ሊሆን እንደሚችል ተረዳን ማለት ነው። ቃሉ የአሠራር ስም እንጂ የማዕረግ ስም አይደለምና።

፬. ስለ ኅብር

አሁን ቀደም ብለን ወዳቀረብነው ስንኝ እንመለስ። «ያ ድኃ ተማረ» የሚለውን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ትምህርት ነው፤ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤቱ ደጅ ሳይቀር ዕውቀት ገብይቶ ደስ ብሎት ወጣ። ነገር ግን ድኃ፥ ደጅና ሁለት ዓመት ሲገናኙ የአገራችን ሰው ደጅ መጥናትን ያስባል። ያን ጊዜ «ተማረ» ምሕረት አገኘ ወደ ማለት ይዞርና፥ ጌታው ተቆጥቶበት የኖረ ሰው በመጨረሻ ይቅር ተብሎ ሲወጣ እናያለን።

ይህ ኅብር ነው። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አልተጠሩም፤ አንድ ቃል ብቻውን ሁለት ቤት አስተዳደረ። በልማድ የቃሉን ቅርብ ፍቺ ሰም፥ ሩቁን ፍቺ ወርቅ ስለምንለው፥ ኅብርን ከሰምና ወርቅ ጋር ማደባለቅ ከአለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም፤ መጠሪያዎቹ ራሳቸው ይዋዋሳሉ። ቢሆንም አሠራሩ የተለየ ስለ ሆነ አፈራረዱም መለየት አለበት። ሰምና ወርቅን ስንመዝን የጥንዶቹን መስማማት እንጠይቃለን፤ ኅብርን ስንመዝን ደግሞ ቃሉ በሁለቱም ፍቺዎቹ ከቀረው ንግግር ጋር መግጠሙን እንጠይቃለን።

ይህንም በአንዲት ለውጥ ብቻ ማሳየት ይቻላል። በስንኙ ውስጥ «ድኃ» በሚለው ፋንታ «በሬ» እንበል፤ «ያ በሬ ተማረ» ይሆናል። ወርቁ አልተጎዳም፤ ከቄራ ደጅ ሁለት ዓመት የኖረ በሬ ከመታረድ ዳነ ማለት ይሆናልና። ሰሙ ግን ፈረሰ፤ በሬ አይማርምና። ሆኖም ወርቅ ብቻ የሚፈልግ ሐያሲ ይህንም ያመሰግነዋል፤ የተሸሸገ ነገር አግኝቷልና። አንጥረኛው ግን ጠማማውን ሰም አይቶ ሥራውን እንደገና ያስጀምረው ነበር። አንድ ኅብር ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም የሚለውን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፤ ሁለተኛውን ፍቺ ፈጽሞ የማያውቅ ሰው፥ ሕፃንም ቢሆን፥ የመጀመሪያውን ሰምቶ የተሟላ ነገር ያገኛልን? ካገኘ ሰሙ ቆሟል። ካላገኘ ግን ገጣሚው ሰሙን የተጠቀመበት ለመሸፈኛ ብቻ ነው።

፭. ስለ ውስጠ ወይራ

ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል። የሚከተለውን እንይ፤

የጌታዬ ደጃፍ ምንጊዜም አይዘጋ፥
ውሻ እንኳ አይጮህም ሌቱ እስኪነጋጋ።

በዚህ ስንኝ ውስጥ ሁለት ፍቺ ያለው አንድም ቃል የለም። ደጃፍ ደጃፍ ነው፥ ውሻም ውሻ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ጥንዶችም የሉም። ላዩን የሚሰማ ሰው እንግዳ ተቀባይና ሰላም የሰፈነበት ቤት ተመስግኖ ያገኛል። የቤቱን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ይሰማል፤ በሩ የማይዘጋው የሚሰረቅ ነገር ስለሌለ ነው፥ ውሻ የማይጮኸውም የሚቀልበው ስለ ጠፋ ውሻ ስላልተገኘ ነው። ምስጋናው ሳይነካ ወቀሳ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የመሰለው ውስጠ ወይራ ይባላል። የሚለውጠው ቃሉ ሳይሆን የሚሰማው ሰው ነው። ስለዚህ ውስጠ ወይራን ለመፍታት መዝገበ ቃላት አይበቃም፤ ማን ለማን፥ በምን ጊዜ፥ በየትኛው ድግስ ላይ እንደ ተናገረው ማወቅ ያስፈልጋል። ሐያሲው ብዙ የሚሳሳትበትም ስፍራ ይህ ነው። የተናገረውን ሰውና ጊዜውን ሳያውቅ የሚፈታ ሐያሲ በገጣሚው ቃል ውስጥ የራሱን ሐሳብ ያገኛል። በመግቢያችን ላይ ያነሣነው ዝናብ ሹማምንት የሆነው በዚህ መንገድ ነበር። ጉዳቱም ለገጣሚው ብቻ አይደለም፤ ሁሉን ነገር የሚጠረጥር አንባቢ ዝናብን ዝናብ አድርጎ ማየት ይሳነዋል።

፮. ሰም የሌለው ግጥም

እስካሁን ያየናቸው ሦስቱም ድርብ ትርጉም ያላቸው ናቸው። ድርብ ትርጉም የሌለውስ ግጥም? ይህንንም በምሳሌ እንይ፤

እናቴ ወፍጮ ላይ እንዳለች ነጋባት፥
ዱቄት ይሁን ሽበት ራሷን ያለበሳት።

በዚህ ውስጥ ኅብር የለም፥ ውስጠ ወይራም የለም፥ በቅኔ ቤት ፍቺ ሰምና ወርቅም የለም። ቤት አመታቱንም ብናየው ሳድስ የሆነው «ት» ብቻውን አቅም ስለሚያንሰው የፊቱን ራብዕ፥ ማለት «ባ» እና «ሳ»ን፥ ለእርዳታ ጠርቷል። የሚናገረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እናት ሌሊቱን ስትፈጭ አደረች፥ በራሷ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ዱቄቱ ይሁን እርጅናዋ ልጇ ለመለየት አልቻለም። የተደበቀ ነገር የለም፤ የታየ ነገር ግን አለ። ግጥም አድርጎ ያቆመውም ያ የታየው ነገር ነው።

ሐያሲው በእጁ ያለው ቃል «ሰምና ወርቅ» ብቻ ከሆነ በዚህ ፊት ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርለታል። አንደኛው «ጥልቀት የለውም» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው የሌለ ወርቅ መፈለግ ነው፤ እናት አገር ናት፥ ወፍጮው ዘመን ነው፥ ዱቄቱ ታሪክ ነው እያለ ይተነትናል። በሁለቱም መንገድ እናቲቱ ትጠፋለች።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኮሌጅ ቀን በዓል ላይ የቀረቡት ግጥሞች የአማርኛን ሥነ ግጥም ታሪክ ከሚያጠና ሰው ዓይን የማይጠፉት፥ የድኃውን ኑሮ በግልጽ በመናገራቸው ጭምር ነው። የታምሩ ፈይሳን «ድኃው ይናገራል» ብንወስድ ርእሱ ራሱ ሐሳቡን ያስታውቃል፤ ድኃው ይናገራል እንጂ ድኃው ያሽሟጥጣል አልተባለም። እንዲህ ያለውን ሥራ በሰምና ወርቅ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የደፈረበትን ነገር መካድ ይሆናል። በግልጽ መናገር ሙያ የማይጠይቅ ነገር አይደለም፤ የራሱ ሚዛን አለው። ምስሉ እውነተኛ ነውን? ቃሉ ከሚያስፈልገው በላይ ጮኸ ወይስ በልኩ ተነገረ? ልኩ ከስሜቱ ጋር ሄደ ወይስ ተጣላ? የሚሉት ጥያቄዎች ለእርሱ የተገቡ ናቸው።

፯. ሊነሣብን የሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ አንባቢ «ቃል በሕዝብ አፍ ይሰፋል፤ ሕዝቡ ድርብ ነገርን ሁሉ ሰምና ወርቅ ካለው እናንተ ማን ናችሁና ታጠባላችሁ?» ሊለን ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለበት። ቃሉ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ አደባባይ ከደረሰ ቆይቷል፤ አልፎም ባሕር ተሻግሯል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራው ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰይሞታል። በዚያም ስሙ ከግጥም አልፎ በኅብረተሰቡ አነጋገርና አኗኗር ውስጥ ያለውን አሻሚነት መግለጫ ሆኗል። መጽሐፉን በዚህ አንነቅፍም፤ ምሳሌ መዋስ የተመራማሪ መብት ነው። እኛን የሚያሳስበን ምሳሌው ወደ ቤቱ ሲመለስ መለወጡ ነው። የአንድ አሠራር ስም የነበረው ቃል የሕዝብ ጠባይ ስም ሆኖ ሲመለስ፥ ገጣሚ ሁሉ በግድ ሸሻጊ፥ አንባቢ ሁሉ በግድ ፈልፋይ መሆን አለበት የሚያሰኝ ግዴታ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው። በጨዋታ፥ በድግስ፥ በጋዜጣ ርእስ ላይ ቃሉ እንደ ወደደ ይስፋ። ግጥምን ለመመርመር በተቀመጥን ጊዜ ግን ወደ ጠባቡ ትርጉሙ መመለስ ይኖርብናል። ሐኪምም ከሰው ጋር ሲጫወት «ልቤ ታመመ» ይላል፤ በሽተኛ ሲመረምር ግን ልብና ጨጓራን ይለያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የቅኔ ቤቱ ልማድ ራሱ ነው ብለን እናምናለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ይቆጥራል፥ ይነግራል፥ መምህሩም ያርመዋል፤ ሲበስል ደግሞ ይዘርፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ለሥራው የተለየ ስም አለው። ዋድላ፥ ጎንጅና ዋሸራ በአንዳንድ ነገር ቢለያዩም፥ መምህሩ ተማሪውን ሲያርም የትኛው ቤት እንደ ረዘመ፥ የትኛው ግሥ ከሰሙ ጋር እንደ ተጣላ ለይቶ ይነግረዋል። ቅኔው ያማረ እንደ ሆነ ደግሞ ሰሚው «ይበል!» ይላል። እንግዲህ ምስጋናው ለብቻው፥ መጠሪያው ለብቻው ነው። «ይበል» ያለ ሰው ኅብሩን አልፈታም፤ ኅብሩን የፈታም ሰው «ይበል» ለማለት አልተገደደም።

የእኛ ስሕተት ሁለቱን አንድ ማድረጋችን ነው። «ይበል» ማለት ፈልገን «ሰምና ወርቅ አለው» እንላለን፤ ቃሉም ምስጋና ከሆነ በኋላ መለኪያ መሆኑን ይተዋል። ስለዚህ በግጥም ምሽቶቻችንም ሆነ በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ አስተያየት የምንሰጥ ተማሪዎች አንድ ቀላል ልማድ እንድንይዝ እናሳስባለን። «ሰምና ወርቅ ነው» ያለ ሰው ሰሙን በአንድ ቃል፥ ወርቁን በአንድ ቃል ያሳይ። «ኅብር አለው» ያለ ሰው ቃሉን ጠቅሶ ሁለቱን ፍቺ ይስጥ። «ውስጠ ወይራ ነው» ያለ ሰው ማን ለማን እንደ ተናገረው ያስረዳ። ይህን ማድረግ ያልቻለ ግን ግጥሙን ከወደደው «ይበል» ብሎ ይቀመጥ፤ ይህም ክብር ያለው ቃል ነው። ያን ጊዜ ስለ ዝናብ የጻፈው ጓደኛችን ዝናቡ በስንኙ ውስጥ በእርግጥ ዘንቦ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚነግረው ሰው ያገኛል።